አኮርዲዮንን በጎልማሳነት መጀመር፦ ስለ ወናፉ፣ ስለ ግራ እጅና ስለ ቅኝቶቻችን

አኮርዲዮን ለመማር ያሰበ ጎልማሳ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም። ዕድሜዬ አልፎ ይሆን? የትኛውን ዓይነት ልግዛ? ያለ አስተማሪ ይሆናል? ኖታ ማንበብ የግድ ነው? ለእነዚህ መልስ የሚሰጡ መጻሕፍትና የቪዲዮ ትምህርቶች ሞልተዋል። ብዙዎቹ ግን ሁለት ነገሮችን ችላ ይላሉ። አንዱ ወናፉ ነው። የአኮርዲዮን ድምፅ ነፍስ የሚዘራው በወናፉ ሆኖ ሳለ፣ ከጣቶች ትምህርት በኋላ በአንድ ገጽ ተነክቶ ይታለፋል። ሌላው የእኛን ዜማ መጫወት የሚፈልግ ሰው የሚገጥመው ጉዳይ ነው፤ ግራ እጅ ላይ ተሰናድተው የተቀመጡት የአውሮፓ ኮርዶች ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር እንዴት ይስማማሉ? ይህ ዳሰሳ ሌሎቹንም ይነካል፤ ረዘም አድርጎ የሚቆየው ግን በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ መሣሪያውን ከውስጥ እንየው። ድምፁን የሚሰጠው አንደኛው ጫፉ በብረት ሰሌዳ ላይ የታሰረ፣ ሌላኛው ጫፉ ነፃ የሆነ ስስ የብረት ምላስ ነው፤ ሙዚቀኞች ሪድ ይሉታል። አየር ሲያልፍበት ይርገበገባል፤ ርዝመቱና ውፍረቱ የድምፁን ከፍታ ይወስናሉ። ዘዴው ሼንግ በተባለው የቻይና የትንፋሽ መሣሪያ ላይ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። አኮርዲዮን በሚል ስም የተሠራው መሣሪያ ግን በቪየና ይኖር የነበረው የአርመን ዝርያ ያለው ሲሪል ዴሚያን እ.ኤ.አ. በ1829 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ትንሽ ሳጥን ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ጣሊያንና ወደ ጀርመን ተስፋፋ። ፓውሎ ሶፕራኒ በ1863 ካስቴልፊዳርዶ በምትባል ከተማ መሥራት ጀመረ፤ ከተማዋ እስከ ዛሬ የአኮርዲዮን ሠሪዎች መናኸሪያ ናት። በጀርመን ትሮሲንገን ደግሞ በሃርሞኒካ የታወቀው ሆነር ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ አኮርዲዮንን በብዛት አመረተ።

ሙሉ መጠን ያለው የዛሬ አኮርዲዮን በቀኝ 41 የፒያኖ ቁልፎች፣ በግራ 120 አዝራሮች አሉት። ለእያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ሪድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ወናፉ ሲከፈት፣ ሌላው ሲዘጋ ይናገራል። በቀኝ በኩል አራት ድርድር ሪድ ካለው 41 በአራት፣ ከዚያም በሁለት ሲባዛ 328 ይመጣል። በግራ ያሉት 120 አዝራሮች በሙሉ የሚሠሩት ከ12 ድምፆች ብቻ ነው፤ አምስት ድርድር ሪድ ሲኖራቸው 120 ሪድ ይሆናሉ። በድምሩ 448 ምላሶች በአንድ ወናፍ ይተነፍሳሉ። ይህን ቁጥር ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል፤ ያገለገለ አኮርዲዮን ሲገዛ የሚገዛው በዋናነት የእነዚህን ምላሶች ጤና ነው።

የትኛውን ዓይነት? ሦስት ቤተሰቦች አሉ። የፒያኖ ቁልፍ ያለው በእኛ ዘንድ የሚታወቀው ነው። ሁለተኛው በቀኝም በኩል አዝራር ያለው ክሮማቲክ ነው፤ የሩሲያው ባያን ከዚህ ወገን ነው። አምስት ረድፍ ያለው ክሮማቲክ ትልቅ ጸጋ አለው፤ አንድን ዜማ በአንድ ከፍታ የተማረ ሰው የጣቱን አካሄድ ሳይለውጥ ወደ ሌላ ከፍታ ያዛውረዋል። ዘፋኝን ለሚያጅብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛው ዲያቶኒክ የሚባለው ነው፤ አንዱ አዝራር ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ የተለያየ ድምፅ ይሰጣል። ቀላል ነው፣ ጉልበት አለው፣ ለብዙ አገር የጭፈራ ሙዚቃ የተመቸ ነው። ባለ አንድ ረድፉ ግን የአንድ ሜጀር ስኬል ሰባት ድምፆች ብቻ ስላሉት አንቺ ሆዬን አያወጣም። ሌሎቹን ቅኝቶች ከነዚያ ሰባት ድምፆች ማውጣት ይቻላል፤ አንቺ ሆዬ ከስኬሉ ውጪ የሆነ አንድ ድምፅ ይጠይቃል። ስለዚህ የአገራችንን ዜማ በሙሉ ለሚያስብ ሰው ምርጫው በፒያኖና በክሮማቲክ መካከል ነው። ኪቦርድ የነካካ ሰው ፒያኖውን ይያዝ። ምንም ያልነካ ሰው ክሮማቲኩን መሞከሩ መልካም ነው፤ በአቅራቢያው የሚያሳየውና የሚጠግንለት ሰው ካላገኘ ግን ወደ ፒያኖው ይመለስ።

ስለ መጠን ያለኝ ምክር ግልጽ ነው። ባለ 120 ባሱ፣ ማለትም በግራ 120 አዝራር ያለው፣ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል። ጀማሪ ይህን ጭኖ ሲቀመጥ ትከሻው ይነሣል፣ አንገቱ ይደርቃል፣ ወናፉን በነፃነት መሳብ ያቅተዋል፤ ከዚያ «ለዚህ መሣሪያ አልተፈጠርኩም» ብሎ ያስቀምጠዋል። ባለ 48 ባሱ ከዚያ ግማሽ ያህል ይመዝናል፤ 26 ቁልፍ ብቻ ስላለው ግን ቶሎ ይጠባል። 72 ባስና 34 ቁልፍ ያለው ለአብዛኛው አማተር በቂ ነው። የእኛ ዜማ ብዙ ጊዜ ከሁለት ኦክታቭ አይወጣም፤ ሦስት ኦክታቭ የሚጠጋው 34 ቁልፍ ይበቃዋል።

ያገለገለ ሲገዛ ፍተሻው በወናፉ ይጀምራል። ማሰሪያዎቹ ተፈትተው፣ ምንም ቁልፍ ሳይነካ፣ መሣሪያው ከላይ ተይዞ ሲንጠለጠል ወናፉ በዝግታ ብቻ መውረድ አለበት፤ በፍጥነት ከወረደ አየር ያፈስሳል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ቁልፍ በአንድ ሬጅስተር (የሪድ ድርድር መምረጫ) ብቻ ወናፉ ሲከፈትም ሲዘጋም ይሰማ። አንዱ ድምፅ በመክፈት ንጹሕ፣ በመዝጋት ደግሞ የታፈነ ከሆነ ሪዱ ወይም ከጎኑ ያለችው የቆዳ ክዳን ተበላሽታለች። ከዚያ ወናፉ ከፈት ተደርጎ ይሸተት። የሻጋታ ሽታ ካለ እርጥበት ገብቷል፤ እርጥበት ካለ ዝገት ይከተላል። የዛገ ሪድ ይጸዳል፣ ይቃኛል፤ ጫፉን በመፋቅ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ሥሩ አካባቢ በመፋቅ ዝቅ ይላል። ነገር ግን ይህን በመቶ በሚቆጠሩ ምላሶች ላይ የሚሠራ ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ድካሙም ከመሣሪያው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ከውጭ አገር ዘመድ «እዚህ በርካሽ ተገኝቷል» ብሎ ሲደውል ይህን ፍተሻ በስልክ ቪዲዮ እንዲያሳይ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚያብረቀርቅ ውጫዊ መልክ ስለ ሪዱ ምንም አይናገርም።

አሁን ወደ ወናፉ። በፒያኖ ላይ ቁልፉን በኃይል የመታ ሰው ከፍ ያለ ድምፅ ያገኛል። አኮርዲዮን ላይ ቁልፉ በር ብቻ ነው፤ በኃይል ቢመታም በቀስታ ቢነካም ለድምፁ መጠን ለውጥ የለውም። መጠኑን፣ ስሜቱን፣ የሐረጉን አጀማመርና አጨራረስ የሚወስነው የአየሩ ግፊት ነው፤ ግፊቱም ያለው በግራ ክንድ ነው። ከኪቦርድ የመጣ ሰው ይህን ቢያውቅም ክንዱ አያውቀውም። ጣቶቹ ሲፈጥኑ ክንዱ አብሮ ይፈጥናል፤ ዜማው ሲከብድ ክንዱ ይቆማል። እጆቹን ማለያየት የመጀመሪያው እውነተኛ ትምህርት ነው፤ ከስኬልም ከኖታም ይቀድማል።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። መቀመጫው መደገፊያ የሌለው ወይም ጀርባ የማይነካው ወንበር ይሁን። ወናፉ በግራ ጭን ላይ ያርፋል፤ የቁልፎቹ ሰሌዳ ታችኛው ጫፍ የቀኝ ጭንን ከውስጥ ይደገፋል። የቀኝ ማንገቻ ከግራው በመጠኑ ይረዝማል፤ እንዲህ ሲሆን መሣሪያው ወደ ግራ አይንሸራተትም። የግራ እጅ ማሰሪያ እጅን ይይዛል እንጂ አያንቅም። ወናፉ ሲከፈት ከላይ ይሰፋል፣ ከታች ጠበብ ብሎ እንደ ማጠፊያ ያገለግላል። ቀጥታ ወደ ጎን የሚጎትት ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ክንዱ ይዝላል።

ከዚያ አንድ ድምፅ ብቻ ይያዝ፤ ኤ ይሁን። ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ወናፉ ከዝምታ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ይከፈት፤ ድምፁ የሚጀምርባት ቅጽበት በጆሮ ትጠበቅ። እስከ ስምንት እየተቆጠረ ያድግ፣ በሚቀጥሉት ስምንት ይቀንስ። በመዝጋትም እንዲሁ። ይህ ልምምድ ሲደጋገም የሚሰማ ነገር አለ፤ ዝቅተኛ ድምፆች ዘግይተው ይነሣሉ፣ ከፍተኞቹ ወዲያው ይመልሳሉ። ትልቁን ምላስ ለማንቀሳቀስ አየሩ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ይህን በክንዱ የተማረ ሰው ዝቅ ያለ ድምፅ ሲመጣ ሳያስበው በመጠኑ ቀድሞ ይገፋል። ቀጥሎ አቅጣጫ መለወጥ ይለመዳል። አንዱን ድምፅ ሳይለቁ ከመክፈት ወደ መዝጋት መዞር፣ መገጣጠሚያው ሳይሰማ። እዚህ ላይ ሳምንታት ቢያልፉ አልባከኑም።

ወናፉ የት ይዙር? የአውሮፓ መጻሕፍት በየሁለት ወይም በየአራት ምጣኔው ምልክት ያኖራሉ። ለእኛ ዜማ የተሻለ መመሪያ ግጥሙ ነው። ስንኙ ሁለት ሐረግ አለው፤ ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስደው ሐረጉ ወይም ቤቱ ሲያልቅ ነው። ወናፉም እዚያው ይዙር። ግጥሙን እየዘፈነ፣ ድምፁ ጥሩ ባይሆንም እንኳ፣ የሚለማመድ ሰው የመዞሪያውን ቦታ ምልክት ሳያስፈልገው ያገኘዋል። ወናፉ መሀል ላይ ካለቀበት ጥፋቱ ከሐረጉ መጀመሪያ ነው፤ አየሩን ቀድሞ አባክኗል። ትርፍ አየር ማውጣት ሲያስፈልግ ድምፅ የማያሰማው የአየር አዝራር አለ፤ በግራ አውራ ጣት ይነካል። ወናፉን ያለዚህ አዝራር በኃይል መዝጋት መሣሪያውን ይጎዳል።

ግራ እጅ ብዙዎችን ያስፈራል፤ አሠራሩ ግን እጅግ ብልህ ነው። ሥርዓቱ ስትራዴላ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ከተማ ነው። ባለ 120ው 20 ዓምድና ስድስት ረድፍ አለው። ለወናፉ የቀረበው ረድፍ ተጨማሪ ባስ ነው፤ ሁለተኛው ዋናው ባስ። ከዚያ ሜጀር ኮርድ፣ ማይነር ኮርድ፣ ሰባተኛ፣ ዲሚኒሽድ ይከተላሉ። ዓምዶቹ በአምስተኛ ርቀት ተደርድረዋል፤ ከሲ ወደ ላይ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ፤ ወደ ታች ኤፍ፣ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላት። በዘፈን ውስጥ የሚፈላለጉ ኮርዶች ጎረቤት ሆነው ይገኛሉ። አዝራሮቹ በዓይን አይታዩም፤ የሲ ባስ አዝራር ላይ ግን ጎድጎድ ያለ ምልክት አለ፣ በጣት ይፈለጋል። ይህችን ጉድጓድ ማግኘት የዕለቱ የመጀመሪያ ሥራ ይሁን። የቀለበት ጣት ባሱን፣ የመሀል ጣት ሜጀር ኮርዱን ይነካሉ። ባስ፣ ኮርድ፣ ባስ፣ ኮርድ። ባሱና ኮርዱ ነካ ተደርገው ይለቀቁ፤ ተጭነው ከቆዩ ቀኝ እጅን ያፍናሉ፣ አየሩንም ይጨርሳሉ።

እስከዚህ ድረስ የታወቁ የትምህርት መጻሕፍት ጥሩ መሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ መውጣት የጀመረው የፓልመርና ሂዩዝ ተከታታይ መጽሐፍ እስከ ዛሬ በስፋት ይሠራበታል፤ እርምጃው ቀስ ያለ ነው፣ ግራ እጅን በሥርዓት ያስተምራል። ምሳሌዎቹ ፖልካና ዋልስ መሆናቸው ግን ጆሯችንን ወደዚያ ይወስደዋል። የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት መጨረስ፣ ኖታ በዝግታ የማንበብ አቅም ማግኘት፣ ከዚያም ዜማን በጆሮ ወደመፈለግ መሻገር ለአማተር የሚበጅ መንገድ ይመስለኛል። ኖታ የግድ ነው ወይ ለሚለው መልሴ ይኸው ነው፤ ለመጽሐፉ ያስፈልጋል፣ ለትዝታ አያስፈልግም። አስተማሪ ደግሞ ቢገኝ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት መልካም ነው፤ አቀማመጥና የወናፍ አያያዝ ከተበላሸ በኋላ ለማቃናት ከባድ ነው። አኮርዲዮን አስተማሪ ከጠፋ ድምፃዊ ወይም የዋሽንት ተጫዋች ስለ ትንፋሽና ስለ ሐረግ ብዙ ያስተምራል።

ራስን በራስ ማስተማር እንደሚቻል ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ኃይሉ መርጊያን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባው ኃይሉ አኮርዲዮንን በ14 ዓመቱ ያለ አስተማሪ ተማረ። በኋላ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ታወቀ፤ ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ እሱ እዚያው ቀረ። በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሲሠራ የወጣትነቱን አኮርዲዮን መልሶ አነሣ፤ ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን አቀናበረው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ይህ ሥራ ለተማሪ ትልቅ መጽሐፍ ነው። አኮርዲዮኑ ዜማውን ይዞ እንደ ድምፃዊ ይሄዳል፤ ጌጦቹ አጫጭር ናቸው፤ ሐረግ ሲያልቅ ዝም ይላል። ኮርድና ባስ የሚሠሩት ሌሎቹ መሣሪያዎች ናቸው። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ በሚነዳባቸው ዓመታት ኪቦርድ በመኪናው ጭኖ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ እንደነበር ተናግሯል። ሥራና ቤተሰብ ያለው አማተር ልምምዱን ሲያቅድ ይህን ያስብ። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ፣ እሑድ ብቻ ከሚደረግ ሦስት ሰዓት ይበልጣል። ክንድና ጣት የተማሩትን የሚያጸኑት በእረፍትና በእንቅልፍ ጊዜ ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ጎልማሳ አንድ ታላቅ ሀብት ይዞ ይመጣል፤ ዘፈኖቹን ያውቃቸዋል። አንድ ሕፃን አምባሰልን በጣቱና በጆሮው በአንድ ጊዜ ይማራል። ጎልማሳው ዜማውን ለብዙ ዓመታት በልቡ ሲያዜመው ስለኖረ የተሳሳተ ድምፅ ሲነካ ወዲያው ያውቃል። ጣቱ ከሕፃኑ ጣት ይዘገያል፤ የእኛ ዝግ ያሉ ዜማዎች ግን ፍጥነት አይጠይቁም።

አሁን ወደ ቅኝቶቹ እንግባ። ጀማሪ ሁሉንም ከነጭ ቁልፎች ሊያገኛቸው ይችላል፤ ለአንዱ ብቻ አንድ ጥቁር ይጨመራል። በተለምዶ በሚጻፉበት መልክ፣ ሜጀር ትዝታ ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ማይነር ትዝታ ከኤ ሲነሣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ባቲ ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። አምባሰል ከኢ ሲነሣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። አንቺ ሆዬ ከቢ ሲነሣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ከዚያም ጥቁሩ ጂ ሻርፕ። እነዚህን በቀኝ እጅ፣ በረጅም ወናፍ፣ ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ከማንኛውም የስኬል ልምምድ ይበልጣል። ድምፃውያን እነዚህን ድምፆች በጉሮሯቸው ከፍና ዝቅ ያደርጓቸዋል፤ አኮርዲዮን የተቆረጠ ከፍታ ስላለው ያንን አያደርግም። የሚተካው አጭር ጌጥ ነው፤ ከዋናው ድምፅ በፊት ጎረቤቱን ነካ አድርጎ ማለፍ፣ ከወናፉ ትንሽ ግፊት ጋር።

ግራ እጅ ሲጨመር ነገሩ ይወሳሰባል። እያንዳንዱን ቅኝት ወስዶ ከአምስቱ ድምፆች ሳይወጣ የሚሠራ ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ ስንት አለ ብሎ መቁጠር ይቻላል። መልሱ ለሁሉም ሁለት ሁለት ነው። ለሜጀር ትዝታ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር። ለማይነር ትዝታ ኤ ማይነርና ኤፍ ሜጀር። ለባቲ ሲ ሜጀርና ኢ ማይነር። ለአምባሰል ኤፍ ሜጀርና ኤ ማይነር። ለአንቺ ሆዬ ኢ ሜጀርና ኤፍ ማይነር። መጽሐፉ ያስተማረው የሦስት ኮርድ አካሄድ፣ ማለትም ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ሰባተኛ፣ በትዝታ ሥር ሲመታ ከቅኝቱ ውጪ የሆኑ ኤፍና ቢን ያስገባል። ዜማው ወዲያው የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ወይም የፖልካ መልክ ይይዛል፤ ትዝታነቱ ይጠፋል።

የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ ጉዳይ ደግሞ ይለያል። አምባሰል የሚያርፈው በኢ ላይ ነው። በኢ ላይ የሚሠራ ሜጀር ኮርድ ጂ ሻርፕን፣ ማይነሩ ጂን ይፈልጋል፤ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሉም። ዜማው ወደ ማረፊያው ሲደርስ ግራ እጅ የሚሰጠው የራሱ ኮርድ የለውም። አንቺ ሆዬም እንዲሁ፤ በቢ ላይ የሚቆም አንድም ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ ከቅኝቱ አይወጣም። ብዙ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ጆሮው «አልገጠመም» ይለዋል፤ የተሳሳተ አዝራር የነካ መስሎት ሌላ ይሞክራል፣ እንደገና ሌላ። ችግሩ ያለው በመሣሪያው አሠራር ላይ ነው።

መፍትሔው ሁለቱ የባስ ረድፎች ናቸው። የኮርድ አዝራሮቹን ትቶ ነጠላ ባስ ብቻ መጠቀም። ለአምባሰል ኢን መያዝ፣ ከእሱ አጠገብ ያለውን አምስተኛውን ቢ መጨመር፤ ሁለቱም ከቅኝቱ ናቸው፣ በዓምዱም ጎረቤት ናቸው። ይህ እንደ በገና ዝቅ ያለ ክር ሥር ሆኖ ያጅባል። ለአንቺ ሆዬ አምስተኛው ኤፍ ሻርፕ ስለሌለ ቢ ብቻውን ይበቃል። ዜማው መሀል ላይ ወደ ኢ ሲሄድ ኢ ሜጀርን አንድ ጊዜ ነካ ማድረግ ይቻላል፤ ብርሃን ይሰጣል፣ ከዚያ ወደ ባዶው ባስ መመለስ። ለትዝታም ይህን እመርጣለሁ፤ ስንኙ እስኪያልቅ ባስ ብቻ፣ ሲያልቅ አንድ ሙሉ ኮርድ። 120 አዝራር ያለው ሰው ከእነሱ መካከል በአራትና በአምስቱ መወሰኑ ያሳዝነው ይሆናል። ነገር ግን ዜማችን ያደገው በመሰንቆና በክራር አጃቢነት ነው፤ ድርብርብ ኮርድ ሳይኖረው ሙሉ ሆኖ ኖሯል።

ምቱም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቺክቺካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ሁለት ትላልቅ ምቶች፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ትናንሽ። ዋልስ የተማረ ግራ እጅ ይህን ወደ ባስ፣ ኮርድ፣ ኮርድ ይለውጠዋል፤ ጭፈራው ይከብዳል፣ እስክስታ መውረድ የሚፈልግ ትከሻ ይቆማል። የሚረዳው ግራ እጁን በሁለቱ ትላልቅ ምቶች ላይ ብቻ ማኖር ነው፤ ትናንሾቹን ሦስት ሦስት ቀኝ እጅ ይሥራቸው። ሜትሮኖም የሚጠቀም ሰው በትልቁ ምት ላይ ያስተካክለው፣ በስድስቱ ላይ አይደለም።

ስለ ሬጅስተርም አንድ ነገር ማለት ይገባል። አንድን ድምፅ የሚሰጡ ሁለት ሪዶች ሆን ተብሎ በትንሹ ሲለያዩ፣ ለምሳሌ አንዱ 440 ሌላው 443 ሄርዝ ሲሆን፣ በሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይወጣል። የፓሪሱ ሙዜት ውበቱ ከዚህ ነው። ለአምባሰልና ለአንቺ ሆዬ ግን አልመክረውም፤ ጠባቡ ግማሽ ድምፅ ልዩነት የቅኝቱ ልብ ነውና መርገብገቡ ያደበዝዘዋል። አንድ ሪድ ብቻ የሚያናግረው ሬጅስተር ለዜማችን ይበቃል፤ አየርም ይቆጥባል።

ለማዳመጥ ከራሳችን ቀጥሎ ሱዳንን አስቀድማለሁ። በሱዳን ዘመናዊ ኦርኬስትራዎች ውስጥ አኮርዲዮን ከቫዮሊኖችና ከዑድ ጎን ለረጅም ዘመን ቦታ አለው፤ ዜማቸውም በአብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው። አኮርዲዮኑ ዘፋኙ ሲያቆም እንዴት ጣልቃ ገብቶ እንደሚመልስለት መስማት ለእኛ ተማሪ ቅርብ ትምህርት ነው። የሌሶቶው ፋሞ ሙዚቃም ይሰማ፤ አኮርዲዮን፣ ከበሮና ድምፅ ብቻ ይዞ ምን ያህል ኃይል እንደሚወጣ ያሳያል። የአርጀንቲናው ባንዶኒዮን ዘመድ እንጂ ሌላ መሣሪያ ነው፤ ተጫዋቹን አስቶር ፒያዞላን መስማት ግን ወናፍ ምን ማለት እንደሆነ ያስተምራል።

አያያዙ ቀላል ነው፤ ቸል ሲባል ግን ውድ ያስከፍላል። በብዙዎቹ የፒያኖ አኮርዲዮኖች ሪዶቹ በእንጨቱ ላይ የተጣበቁት በሰምና በጥድ ሙጫ ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ መሣሪያ ሰሙ ይለሰልሳል፣ ሪዶቹ ከቦታቸው ይነቀላሉ። ቆሞ ይቀመጥ፣ እንዳይተኛ፤ ከተኛ የቆዳ ክዳኖቹ ይጎብጣሉ። ብል የቁልፎቹን ሥር ጨርቅ ይበላል። ከሁሉ የሚሻለው ጥበቃ በየቀኑ መጫወት ነው፤ የሚንቀሳቀስ አየር ዝገትንና ሻጋታን ያርቃል።

ከሌሎች ጋር መጫወት አይዘግይ። ሦስት ዜማ የሚያውቅ ሰው ከአንድ ክራር ተጫዋችና ከአንድ ዘፋኝ ጋር መቀመጥ ይችላል። አኮርዲዮን ከፍታውን አይለውጥም፤ ክራሩ ይቃኝለት። ብዙ የጣሊያን አኮርዲዮኖች ኤን በ442 ሄርዝ ስለሚቃኙ በ440 ከተቃኘ ኪቦርድ ጋር ሲገጥሙ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ኪቦርዱ ማስተካከያ አለውና እሱ ወደ 442 ይምጣ። ዘፋኙ የሚመቸውን ከፍታ ይናገር፤ ቅኝቱ ወደዚያ ይዛወር፤ ለዚህ ሲባል በየሳምንቱ አንድ የተማሩትን ዜማ በሁለት ሌሎች ከፍታዎች መጫወት ይለመድ። ክራሩ ዝቅተኛውን ክር ሲይዝ የአኮርዲዮኑ ግራ እጅ ይረፍ፤ ቀኝ እጅ በዘፋኙ ሐረጎች መካከል ይግባ።